ለሕዝብ የወጣ ወረቀት ምስጢር ያወጣል?

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከድምፅ በታች ይቀጥላል)

አቅራቢ፦ በግሮቭ ሲቲ፣ በኮሎምበስና በአካባቢው ያላችሁ፣ ከሥራ ወጥታችሁ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ለሌሊት ፈረቃ የምትዘጋጁ፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ቡና የምትጠጡ አድማጮቻችን፣ ሳምንታዊው የትምህርት ዝግጅታችን እነሆ ተገኝቷል።

ዛሬ የምናነሳው ብዙ ቤት ውስጥ የሚያከራክር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ጦር ለሕዝብ ክፍት አድርጎ የሚያወጣቸው የምርምር ጽሑፎች አሉ። ማንም ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ ያነባቸዋል። አንዳንዶቹ ስለ ጠፈር ጉዞ፣ ስለ ስበት፣ ከብርሃን ስለሚፈጥን መንኮራኩር ሳይቀር ያወራሉ። ታዲያ እነዚህን ያነበበ ሰው «ይኸው! ጦሩ የደበቀን የጠፈር ፕሮግራም አለው» ብሎ መደምደም ይችላል ወይ?

ጥያቄውን ልድገመው። ለሕዝብ የወጣ የጦር ምርምር ምስጢራዊ የጠፈር ፕሮግራምን ያጋልጣል ወይስ አያጋልጥም?

(ሙዚቃው ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ክርክር ያለ ተከራካሪ አይሆንምና ባልደረባዬ ከጎኔ ናት። የእሷ ድርሻ «አዎ፣ ያጋልጣል» የሚሉትን ወገኖች ወክላ እኔን መሞገት ነው። እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ።

ተከራካሪ፦ እንኳን ደህና ቆየኸኝ። ገና ስትጀምር ልያዝህ። መንግሥት የጠፈር ምስጢር እንዳለው ትክዳለህ?

አቅራቢ፦ አልክድም። አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን እንለይ። አንደኛው «ምስጢራዊ የጠፈር ፕሮግራም ኖሮ ያውቃል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ወረቀቱ ያጋልጠዋል ወይ?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚበላሸው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ አዎ፣ ኖሯል። ለማስረጃውም ሩቅ አትሂዱ። ከግሮቭ ሲቲ ተነስታችሁ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ ንዱ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ በሚል ጉዞ ዴይተን ትደርሳላችሁ። እዚያ የአሜሪካ አየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየም አለ። መግቢያው በነፃ ነው።

(አጭር የአውሮፕላን ድምፅ)

አቅራቢ፦ በሙዚየሙ ውስጥ ሲ-119 የሚባል ሆዱ ሰፊ የጭነት አውሮፕላን ቆሟል። ይህ አውሮፕላን በነሐሴ 1960 ከጠፈር በፓራሹት ሲወርድ የነበረን ዕቃ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ቀልቦታል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በዕቃው ውስጥ ምን ነበረ? የፎቶ ፊልም። ሳተላይቱ በሶቪየት ኅብረት ላይ እየዞረ ያነሳው ፎቶ። ፕሮግራሙ በምስጢር ስሙ ኮሮና ይባላል። ለሕዝብ የተነገረው ስም ግን ሌላ ነበር፤ ዲስከቨረር። ለጋዜጠኞች «ለቴክኖሎጂና ለሥነ ሕይወት ምርምር የሚያገለግል ሳተላይት ነው» ይባሉ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ በአንዱ ላይ አይጦች ሳይቀር ተጭነዋል። እውነቱ ለሕዝብ የወጣው በ1995 ነው። ከ30 ዓመት በላይ ተደብቆ ከቆየ በኋላ ማለት ነው።

ተከራካሪ፦ ይኸው በአፍህ መሰከርክ! ምስጢሩን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትስ?

አቅራቢ፦ እሱም ምስጢር ነበር። የስለላ ሳተላይቶችን የሚመራው ብሔራዊ የቅኝት ቢሮ በ1961 ተቋቋመ። መኖሩ በይፋ የታመነው በ1992 ነው። 31 ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ በጀት ይዞ፣ ሳተላይት እያስወነጨፈ፣ ስሙ ግን አይነሳም። ስለዚህ «መንግሥት እንዲህ ያለ ነገር አይደብቅም» የሚል ሰው ካለ ታሪክ አይደግፈውም።

የመጀመሪያውን ነጥብ ያዙልኝ። ምስጢራዊ የጠፈር ፕሮግራም ኖሮ ያውቃል። አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ። በዚያ ዘመን በይፋ የታተሙትን ጽሑፎች ያነበበ ሰው ይህን ይደርስበት ነበር ወይ?

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እዚሁ ከተማችን የተማረ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ሮበርት ሄንሪ ሎረንስ ይባላል። የቺካጎ ልጅ፣ የአየር ኃይል አብራሪ ነው። በ1965 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በፊዚካል ኬሚስትሪ ዶክትሬቱን አገኘ። በሰኔ 1967 አየር ኃይል ለጠፈር በረራ መረጠው። ለጠፈር ተጓዥነት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው።

የተመረጠበት ፕሮግራም ሰው የሚኖርበት የምሕዋር ቤተ ሙከራ ይባላል። ምስጢር አልነበረም። በ1963 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ራሳቸው በይፋ አስታውቀውታል። ሁለት ሰዎች ለ30 ቀን ያህል ጠፈር ላይ ይቆያሉ፣ ሰው በጠፈር ላይ ለጦሩ ምን እንደሚጠቅም ይፈትሻሉ ተባለ። ጋዜጦች ጻፉ፤ የተመረጡት ሰዎች ፎቶ ወጣ።

ያልተነገረው ምን ነበር? በመንኮራኩሩ ውስጥ ግዙፍ የስለላ ካሜራ ሊገጠም ታስቦ ነበር። መስታወቱ ብቻ ወደ 1.8 ሜትር ስፋት ያለው። ሰዎቹ ሊላኩ የታሰበው ያንን ካሜራ እያነጣጠሩ ፎቶ እንዲያነሱ ነው።

ሎረንስ ግን የጠፈር በረራውን ቀን አላያትም። በታኅሣሥ 8 ቀን 1967 በካሊፎርኒያ ኤድዋርድስ የጦር ሰፈር በልምምድ በረራ ላይ አውሮፕላኑ ተከስክሶ በ32 ዓመቱ ሞተ። ፕሮግራሙም በ1969 ተሰረዘ። የካሜራው ሰነዶች የተለቀቁት በ2015 ነው።

አሁን ጥያቄ። የሎረንስ የዶክትሬት ጽሑፍ የጋዞችን ኬሚካዊ ባሕርይ የሚመለከት ጥናት ነው፤ በጦር መኮንን የተጻፈ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ጽሑፍ። አንድ ሰው ያንን ቢያነብ፣ ደጋግሞም ቢያነብ፣ ስለ ካሜራው ምን ያገኛል?

ተከራካሪ፦ ምንም።

አቅራቢ፦ ምንም። ስለ ቤተ ሙከራው የተነገረውን ጋዜጣ ሁሉ ቢያነብስ? ቤተ ሙከራው እንዳለ ያውቃል፤ ለምን እንዳለ ግን አያውቅም። አድማጮቼ፣ ሁለተኛው ነጥብ ይህ ነው፤ ደጋግሜ እላችኋለሁ። በይፋ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ እውነት ነው። የሚደበቀው ዓላማው ነው።

ተከራካሪ፦ አንድ ምሳሌ ሕግ አይሆንም።

አቅራቢ፦ ሌላ ልጨምር። በሰኔ 1960 የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንዲት ክብ ሳተላይት አስወነጨፈ። የፀሐይን ጨረር ትለካለች ተባለ። ደግሞም ትለካ ነበር! የሳይንስ ውጤቷ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በዚያችው ኳስ ውስጥ የሶቪየት ራዳሮችን ምልክት የሚሰበስብ ሁለተኛ መሣሪያ ነበረ። እሱ የተገለጠው በ1998 ነው። ስለ ፀሐይ የወጣውን ጥናት ያነበበ ሳይንቲስት ስለ ፀሐይ በሚገባ ተምሯል፤ ስለ ራዳሩ ግን አንድ ፊደል አላገኘም።

(አጭር ሙዚቃ)

ተከራካሪ፦ እሺ ወንድሜ፣ አሁን የእኔ ተራ ነው። ኮሎምበስን ካነሳህ የባቴልን ጉዳይ ለምን ዘለልከው?

አቅራቢ፦ አልዘለልኩትም፤ አንቺው ንገሪያቸው።

ተከራካሪ፦ በኪንግ ጎዳና፣ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባቴል የሚባል የምርምር ተቋም አለ። ከ1929 ጀምሮ የሚሠራ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አየር ኃይሉ ሰማይ ላይ ስለሚታዩ ያልታወቁ በራሪ ነገሮች የተሰበሰቡ ጥቆማዎችን እንዲመረምር ለዚህ ተቋም ሥራ ሰጠው። ከ3,000 በላይ ጥቆማዎች አንድ በአንድ ታዩ። ውጤቱም በ1955 ልዩ ሪፖርት ቁጥር 14 ተብሎ ለሕዝብ ወጣ። የተቋሙ ስም ግን አልተጠቀሰም። አየህ? ከአምስቱ አንዱ ያህል «ያልታወቀ» ተብሎ ቀረ። የጥቆማው ጥራት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ያልታወቀው ድርሻ ጨመረ። ይህ ለሕዝብ የወጣ የጦር ወረቀት አይደለም እንዴ? እኛው ሰፈር የተሠራ!

አቅራቢ፦ ጥሩ ነጥብ ነው። ደግሞ በዚያን ዘመን የአየር ኃይሉ አማካሪ የነበሩት የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆሴፍ አለን ሃይኔክም የኦሃዮ ስቴት መምህር ነበሩ። ሥራውን የሚመራው ብሉ ቡክ የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ዴይተን፣ ራይት-ፓተርሰን የጦር ሰፈር ነበር። እስከ 1969 ድረስ 12,618 ጥቆማዎች መዘገበ፤ 701ዱ ሳይታወቁ ቀሩ። ኦሃዮ የዚህ ክርክር መንደር ናት ማለት ይቻላል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ያልታወቀ» ማለት ምን ማለት ነው?

ተከራካሪ፦ ያው... ያልታወቀ።

አቅራቢ፦ በቃ፤ ያልታወቀ። «የጦሩ ምስጢራዊ መንኮራኩር» ማለት አይደለም፤ «ከሌላ ዓለም የመጣ» ማለትም አይደለም። ሪፖርቱ ራሱ ከዘመኑ ሳይንስ የራቀ ቴክኖሎጂ የመሆን ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነው ብሎ ነው የደመደመው። «አላውቅም» የሚለውን ቃል ወደ «አውቄዋለሁ» መለወጥ የኛ የአንባቢዎች ጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ ለአንቺ የምሰጥሽ አንድ እውነት አለ። ሪፖርቱ በወጣበት በዚያው በ1955 ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላን በምስጢር መብረር ጀምሮ ነበር። ከ18,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ያኔ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በአብዛኛው ከዚያ ሲሶውን እንኳ አያልፉም ነበር። ምሽት ላይ መሬቱ ሲጨልም እሱ ገና የፀሐይ ብርሃን ያገኘዋል፤ ክንፉ ያበራል። ያዩት ሰዎች ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሲአይኤ በኋላ የለቀቀው የራሱ ታሪክ እንደሚለው የብሉ ቡክ መርማሪዎች ጥቆማዎችን ከዩ-2 የበረራ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ ነበር። መልሱን ያውቁታል፤ ለጻፈው ሰው ግን መናገር አይችሉም።

ተከራካሪ፦ ስለዚህ ሕዝቡ ያየው ነገር እውነት ነበር!

አቅራቢ፦ ዓይኑ እውነት ነበር፤ ግምቱ ነው የተሳሳተው። ምስጢሩን የያዘው ደግሞ የበረራ መዝገቡ እንጂ የታተመው ሪፖርት አልነበረም።

(የማሲንቆ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ቀጣዩን ምሳሌ በዓይናችሁ ሳታዩት አትቀሩም። አስመራን የምታውቁ፣ ቃኘው ጣቢያን ታስታውሳላችሁ?

አሜሪካኖች አስመራ ላይ የራዲዮ ጣቢያ የያዙት በ1940ዎቹ ነው። በ1953 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ለ25 ዓመት የሚጸና ውል ተፈራረሙ። ጣቢያውም ኮሪያ በዘመተው በጀግናው የቃኘው ሻለቃ ስም ተጠራ። ውሉ ምስጢር አልነበረም። ወታደሮቹ ከተማ ወርደው ይዝናናሉ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥናቸው ሳይቀር ይታወቃል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ግን ሁለት ግዙፍ ሳህን አንቴናዎች ተተከሉ። አንደኛው 26 ሜትር፣ ሌላው 46 ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። ከሩቅ ይታያሉ። የሥራው ምስጢራዊ ስም ስቶንሃውስ ነው። ምን ያደርጉ ነበር? የሶቪየት መንኮራኩሮች ከጨረቃ፣ ከቬነስ፣ ከማርስ ወደ ምድር የሚልኩትን መልእክት ይጠልፉ ነበር።

ለምን አስመራ? ምክንያቱ መልክአ ምድር ነው። የሶቪየቶች የጠፈር መቆጣጠሪያ ክራይሚያ ነበር። አስመራ ደግሞ በኬንትሮስ ለክራይሚያ ቅርብ ናት። መንኮራኩሩ ለክራይሚያ በሚታይበት ሰዓት ለአስመራም ይታያል። ወደ ቤቱ ሲናገር አስመራም ላይ ይሰማል ማለት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗም ለዚህ ሥራ ጠቅሟል። ስቶንሃውስ በ1975 ተዘጋ፤ ጣቢያው ራሱ በ1977 በደርግ ዘመን አበቃ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። የዓለምን ጠፈር የሚያዳምጥ ጆሮ ከተማቸው ላይ ተተክሎ የከተማው ሰዎች የሚያዳምጠውን አያውቁም ነበር። ውሉን ያነበበ አላወቀም። አንቴናውን ያየ ግን ቢያንስ «ይህ ትልቅ ሳህን ወደ ሰማይ ለምን ዞረ?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ሦስተኛው ነጥብ ከዚህ ይወጣል። ምስጢርን ከወረቀት ይልቅ የሚታይ ነገር ይጠቁማል።

ተከራካሪ፦ የሚታይ ነገር ስትል?

አቅራቢ፦ ሳተላይት ምድር ላይ በምስጢር ሊሠራ ይችላል፤ ሰማይ ላይ ግን መደበቂያ የለውም። በእንግሊዝ ኬተሪንግ በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከፊዚክስ መምህራቸው ከጄፍሪ ፔሪ ጋር የሶቪየት ሳተላይቶችን የራዲዮ ምልክት ይከታተሉ ነበር። በ1966 የአንዱ ሳተላይት መንገድ ከሚታወቀው የማስወንጨፊያ ቦታ ጋር አልገጥም አላቸው። ወደ ኋላ አሰሉና ሶቪየቶች በስም ያልጠሩትን የፕሌሴትስክ ማስወንጨፊያ ደረሱበት። ተማሪዎች ናቸው! በአሜሪካም ኤክስ-37ቢ የተባለችው ሰው አልባ የጦር መንኮራኩር በሚያዝያ 2010 ስትወነጨፍ መንገዷ አልተነገረም። በትርፍ ጊዜያቸው ሰማይ የሚመለከቱ ሰዎች ግን በሳምንታት ውስጥ አገኟት።

(አጭር ሙዚቃ)

ተከራካሪ፦ እንዲያው ወረቀት ምንም አይናገርም ልትለኝ ነው?

አቅራቢ፦ ይናገራል፤ አንዳንዴ ደግሞ የሚናገረው ሲጠፋ ነው። በ1942 ጆርጂ ፍልዮሮቭ የተባለ ወጣት የሶቪየት የፊዚክስ ሊቅ የአሜሪካና የእንግሊዝ መጽሔቶችን አገላበጠ። ስለ ኒውክሌር መሰንጠቅ ይጽፉ የነበሩ ትልልቅ ሳይንቲስቶች በሙሉ ዝም ብለዋል። አንድም አዲስ ጽሑፍ የለም። ይህ ዝምታ ቦምብ እየተሠራ ነው ማለት ነው ብሎ ለስታሊን ጻፈ። ትክክል ነበር።

አስተውሉ። ያጋለጠው የወጣው ወረቀት ሳይሆን መውጣት ያቆመው ነው። ጦሩ አንድን ነገር በእርግጥ ከያዘና ሊደብቀው ከፈለገ ጽሑፉን አያወጣውም።

ተከራካሪ፦ ቆይ፣ ቆይ! የስውሩን አውሮፕላን ታሪክ ረሳኸው? በ1962 ፒዮትር ኡፊምትሴቭ የተባለ ሩሲያዊ የራዳር ሞገድ ከጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚያሰላ መጽሐፍ ሞስኮ ላይ በግልጽ አሳተመ። እዚሁ ራይት-ፓተርሰን ያሉ የአየር ኃይል ሰዎች በ1971 ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። የአውሮፕላን አምራቹ የሎክሂድ ኩባንያ መሐንዲስ አነበበውና ከራዳር የሚሰወረውን ኤፍ-117 ለመሥራት ረዳው። አውሮፕላኑ ለዓመታት ምስጢር ሆኖ በ1988 ይፋ ሆነ። ይኸው ግልጽ ወረቀት፣ ይኸው ምስጢር!

አቅራቢ፦ ግሩም ምሳሌ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ክርክርሽም ይኸው ነው። እውነት ነው፣ ግልጽ ጽሑፍ የምስጢር ሥራ ዘር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወረቀቱ ምስጢሩን አጋለጠ ወይ? በ1962 መጽሐፉን ያነበበ ሰው ገና ያልታሰበ አውሮፕላን ሊያይ አይችልም። የዘሩን ዝምድና የምናውቀው አውሮፕላኑ ከተገለጠ በኋላ ነው። ወደ ኋላ ሲያዩት ሁሉም ግልጽ ይመስላል። በጊዜው ግን መጽሐፉ ከብዙ ሺህ የሒሳብ ጽሑፎች አንዱ ነበር፤ አብዛኞቹም የትም አልደረሱም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን በዘመናችን በጣም የሚያነጋግሩትን ሁለት ጉዳዮች እንይ። በ2008 ገደማ በሴናተር ሃሪ ሪድ ግፊት 22 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ጥናት ተጀመረ። ከመከላከያ የስለላ ድርጅት በኩል 38 ጽሑፎች ተዘጋጁ። ዝርዝራቸው በ2019 ለሕዝብ ወጣ። ርዕሶቹ ሰውን ያስደነግጣሉ፤ ከብርሃን የሚፈጥን ጉዞ፣ በጠፈር ውስጥ አቋራጭ ቀዳዳ፣ ከዓይን መሰወር።

ሁለተኛው የባሕር ኃይሉ መሐንዲስ የሳልቫቶሬ ፓይስ ፓተንቶች ናቸው። አንደኛው በ2018 የጸደቀ ሲሆን ክብደትን ቀንሶ በሚያስገርም ፍጥነት ስለሚበር መንኮራኩር ያወራል።

ተከራካሪ፦ ባይኖራቸው ለምን ይጽፋሉ?

አቅራቢ፦ የክርክሩ ቋጠሮ ይኸው ነው። ገበያ ወጥቶ የበሬ ዋጋ የጠየቀ ሰው ሁሉ በሬ አለው ማለት ነው? አንዳንዱ ሊገዛ ነው፤ አንዳንዱ ጎረቤቱ በስንት እንደገዛ ሊያውቅ ነው፤ አንዳንዱ እንዲሁ ሊጠይቅ ነው። የምርምር ወረቀትም ዋጋ መጠየቅ ነው። ጦሩ ምን እንደሚያሳስበው ይነግረናል፤ ምን እንዳለው አይነግረንም።

38ቱን ጽሑፎች የጻፉት በአብዛኛው ከውጭ የተቀጠሩ ምሁራን ናቸው። ስለ ሩቁ ዘመን ሊሆን ስለሚችለው ነገር ያለውን ንድፈ ሐሳብ አሰባሰቡ። የተሠራ ሞተር የለም፤ የተለካ ግፊት የለም። የፓይስን ሐሳብ ደግሞ ባሕር ኃይሉ ራሱ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ፈተነው፤ እስከ 2019 ድረስ ተሞክሮ ሊረጋገጥ አልቻለም።

ሌላም አለ። በአሜሪካ ከ1951 ጀምሮ የፈጠራ ምስጢር ሕግ የሚባል አለ። መንግሥት ለአገር ደኅንነት ያሰጋል ያለውን የፓተንት ማመልከቻ እንዳይታተም ያግዳል። እንዲህ የታገዱ ከ5,000 በላይ ናቸው። የፓይስ ግን አልታገደም፤ ታተመ። የእውነት የሚሠራ ምስጢር ቢሆን መደበቂያው ሕግ እጃቸው ላይ ነበር።

ተከራካሪ፦ ምናልባት ጠላትን ለማደናገር አውጥተውት ይሆናል።

አቅራቢ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ያ ከሆነ ወረቀቱ ውሸት ነው ማለት ነው፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ የአንቺ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሲታተም «ስላላቸው ነው»፣ ሲደበቅም «ስላላቸው ነው» ከተባለ ያ ክርክር በምንም ነገር አይረታም። እንዲህ ያለው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷ የለም።

ተከራካሪ፦ ፔንታጎን በመጋቢት 2024 ባወጣው ሪፖርት «የተደበቀ የሌላ ዓለም ቴክኖሎጂ አላገኘሁም» አለ። ይህ እኮ ፔንታጎን ስለ ፔንታጎን የሰጠው ምስክርነት ነው! እንዴት ልመነው?

አቅራቢ፦ ብቻውን አትመኚው። ልክ ነሽ። እኔም ስለ ኮሮና የነገርኳችሁን የምንቀበለው መንግሥት ስላለ ብቻ አይደለም። ፊልሙ አለ፣ አውሮፕላኑ ዴይተን ቆሟል፣ ፎቶዎቹን ዛሬ የአርኪዮሎጂ ሰዎች ይጠቀሙባቸዋል። ማስረጃ ከብዙ አቅጣጫ ሲገጥም ነው የሚታመነው። ይህ መለኪያ ለመንግሥትም ይሠራል፣ ለተጠራጣሪም ይሠራል።

(ሙዚቃ ከበስተኋላ በዝግታ ይጀምራል)

አቅራቢ፦ እንግዲህ አንድ የጦር ምርምር ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ምን ትጠይቁታላችሁ? አራት ጥያቄ ያዙ። ልጆች ካሉ ቤት ውስጥ አብራችሁ ጻፉት።

አንደኛ፣ ሽፋኑ ላይ ምን ማኅተም አለ? የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የምርምር ጽሑፎች ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» የሚሄድ የሥርጭት ምልክት አላቸው። «ኤ» ማለት ለሕዝብ እንዲወጣ ታይቶ ተፈቅዷል ማለት ነው። ያገኛችሁት ጽሑፍ «ኤ» ካለበት የሾለከ ምስጢር አይደለም፤ ሳንሱር አልፎ የመጣ ነው።

ሁለተኛ፣ የምርምሩ ደረጃ ምንድን ነው? ንድፈ ሐሳብ ነው፣ በቤተ ሙከራ የተፈተነ ነው፣ ወይስ በርሮ የታየ ነው? ከ1985 ጀምሮ የአሜሪካ ፖሊሲ መሠረታዊ ምርምር በተቻለ መጠን ክፍት ይሁን ይላል። ስለዚህ ወደ እኛ የሚደርሰው በአብዛኛው የመጀመሪያው እርከን ነው።

ሦስተኛ፣ ማን ጻፈው? ራይት-ፓተርሰን ውስጥ ያለው የአየር ኃይል የቴክኖሎጂ ተቋም ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። የመኮንን ማዕረግ ያለው ጸሐፊ ሁሉ የጦሩን ዕቅድ እየነገረን አይደለም።

አራተኛ፣ ከወረቀቱ ውጭ ምን አለ? በጀት አለ? የተወነጨፈ ነገር አለ? ሰማይ ላይ ያየው ሌላ ሰው አለ? ከወረቀቱ በቀር ምንም ከሌለ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ልድገማቸው። ማኅተሙ ምን ይላል? ደረጃው የት ነው? ማን ጻፈው? ከወረቀቱ ውጭ ምን አለ?

ተከራካሪ፦ እኔም አንድ ልጨምር። አምስተኛ፣ ራሳችሁ ጠይቁ! ከ1966 ጀምሮ የመረጃ ነፃነት ሕግ አለ። ሰነድ ለመጠየቅ ዜግነት አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ያለውም የሌለውም ማንም ሰው ለመሥሪያ ቤቱ መጻፍ ይችላል።

አቅራቢ፦ በዚህ ተስማማን እህቴ። ክርክራችንን የሚዘጋው እሱ ነው።

አድማጮቻችን፣ ፍርዳችንን በአጭሩ ላስቀምጥ። ምስጢራዊ የጠፈር ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ዛሬም የሚኖሩ ይኖራሉ። ለሕዝብ የወጣ ወረቀት ግን ብቻውን አያጋልጣቸውም። ኮሮና፣ የፀሐይዋ ሳተላይት፣ የሎረንስ ካሜራ፣ የአስመራው አንቴና፣ አንዳቸውም በታተመ ጥናት አልተጋለጡም። የወጡት ማኅደር ሲከፈት ነው። ወረቀቱ የጦሩን ጥያቄ ያሳያል፤ ንብረቱን አያሳይም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ዴይተን ሂዱ። ያንን ሲ-119 አሳዩአቸው፤ የሮበርት ሎረንስንም ታሪክ ንገሯቸው። ቤት ስትመለሱ ደግሞ አንድ የጦር ምርምር ጽሑፍ አውጥታችሁ አራቱን ጥያቄዎች ጠይቁት። ያገኛችሁትን ጻፉልን፤ እናነበዋለን። የምንታለለው በተደበቀው ብቻ አይደለም፤ ሳናጣራ ባመንነውም ነው። እስከ ሳምንት ደኅና ሁኑ።

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይዘጋል)